«አልነሣም አለ»፤ የኮምፒውተር አነሣሥ ስያሜዎች ታሪክና በአሶሳ የሚገጥማቸው ፈተና

አንድ ቋንቋ አዲስ መሣሪያ ሲደርሰው አስቀድሞ የመሣሪያውን ስም ይቀበላል፤ ቀጥሎ ክፍሎቹን ይሰይማል፤ የብልሽቶቹን ስም የሚያበጀው ግን ከሁሉ ዘግይቶ ነው። ለተጠቃሚው ያላቸው ጠቀሜታ ሲመዘን ይህ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። መሣሪያው ደኅና ሳለ በምንም ስም ቢጠራ ሥራው አይጓደልም፤ ሲበላሽ ግን ብልሽቱ በየትኛው ክፍል እንደ ደረሰ ለይቶ መናገር ካልተቻለ ጥገናው በግምት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ የተወሰነ ብልሽትና በዙሪያው ያሉትን ቃላት ነው። ብልሽቱም ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚሠራ ኮምፒውተር «ከርነል» የሚባለው ማእከላዊ ክፍሉ በአዲስ ከተተካ በኋላ አልነሣም ሲል የሚታየው ነው። ይህ ችግር በዓለም ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ ለአማርኛ ሥነ ቃላት ያለውን ትርጉም ለማሳየት አሶሳንና የቤኒሻንጉል-ጉሙዝን ክልል መመልከቻ አድርገናል።

1. ቦታውና ቋንቋው

አሶሳ በነቀምት፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል ሲኬድ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ የክልሉ ርእሰ ከተማ ናት። የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ተብለው የሚታወቁት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። በተለመደው አመዳደብ በርታ፣ ጉሙዝና ኮሞ ከናይሎ-ሰሃራ የቋንቋ ቤተሰብ ሲቆጠሩ፣ ሺናሻ ከኦሞአዊው ወገን ነው። በበርታዎች ዘንድ የሱዳን ዐረብኛ ከጥንት ጀምሮ የንግድና የሃይማኖት ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ አካባቢ የሰፈሩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ደግሞ አማርኛን አፍ መፍቻቸው አድርገው መጥተዋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

ስለዚህም በአሶሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አማርኛን ከእናቱ የተማረና አማርኛን ከትምህርት ቤትና ከገበያ ያገኘ ሰው ጎን ለጎን ይሠራሉ። ይህ ሁኔታ ለቃል አውጪዎች ትልቅ ፈተና ነው። «ሥርዓተ ክወና» የሚለውን ስያሜ ለአብነት እንውሰድ። ግእዝ የቀመሰ አንባቢ «ሥርዓተ» የሚለውን የዘርፍ አያያዝ ዐውቆ፣ «ክወና»ንም ከ«ከወነ» አውጥቶ ፍችውን ይደርስበታል። አፍ መፍቻው በርታ የሆነ ተማሪ ግን ስያሜውን እንደ አንድ ድፍን ነገር በቃሉ ይይዘዋል፤ እንግሊዝኛውን ቢይዝም ድካሙ ያው ነበር። በአንጻሩ ዘር፣ መንገድ፣ ስንቅ፣ ግፊ የሚሉት የገበያና የጉዞ ቃላት ለእርሱም ለወሎው ሰፋሪም እኩል ክፍት ናቸው።

አማርኛ በዚህ ክልል የድልድይነት ሥራም አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 በቤኒሻንጉል-ጉሙዝ የቋንቋ ልማት ፕሮጀክት የወጣው የበርታ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እንደሚያሳየው፣ የበርታ ቃል በሁለት ቋንቋዎች ይፈታል፤ አንደኛው አማርኛ ነው። ነገ የኮምፒውተር ቃላት በበርታ ወይም በጉሙዝ ይሰየሙ ቢባል ተርጓሚው አስቀድሞ የሚያየው የአማርኛውን ፍች ነው። የአማርኛው ስያሜ ራሱ የተዘጋ ከሆነ ድልድዩ ከመሻገሩ በፊት ይሰበራል።

ከቋንቋው ሌላ የርቀቱን ነገር መመልከት ይገባል። ኮምፒውተር እየሠራ የተበላሸበትን ነገር ሩቅ ያለ ባለሙያ በመገናኛ መስመር ገብቶ ሊያርመው ይችላል። ጭራሽ ያልተነሣውን ግን በመስመር ሊገቡበት አይቻልም። ያን ጊዜ በአሶሳ ያለው ሠራተኛ በስክሪኑ ላይ ያየውን በስልክ ይናገራል፤ በአዲስ አበባ ያለው ባለሙያም የሰማውን ይዞ ይፈርዳል። በመካከላቸው ያለው መሣሪያ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ «ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ» ከሚለው ካላለፈ፣ ፍርዱ በየጥገና ቤቱ የተለመደው «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ይሆናል። ፎርማት ማድረግ ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደገና መጀመር ነው። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የወረዳ ሒሳብ በዚሁ ሊጠፋ ይችላል፤ ብልሽቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

2. «መነሣት» ከመኪና ወደ ኮምፒውተር

«ተነሣ» የሚለው ግስ ለኮምፒውተር የተሰጠው በማንም ጉባኤ ውሳኔ አይደለም። ከመኪና የተወረሰ ነው። መኪና በአገራችን ሲስፋፋ፣ ይልቁንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ፣ የክፍሎቹ ስም በብዛት ከጣልያንኛ ገባ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ሞተሪኖ የሚሉትን ማንም ሹፌር ያውቃቸዋል። የሁኔታዎቹ ስም ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ። ሞተሩ ተነሣ፤ አልነሣም አለ፤ ተነሥቶ ጠፋ፤ በግፊ ተነሣ ይባላል።

በዚህ አነጋገር ውስጥ የተሟላ የብልሽት መለያ ሥርዓት እንዳለ ልብ ማለት ይገባል። ቁልፉ ሲዞር መኪናው ዝም ካለ ባትሪው ይጠረጠራል። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ነገሩ ወደ ካንዴላው ወይም ወደ ነዳጁ ይሄዳል። ተነሥቶ ከጠፋ ደግሞ ምርመራው ሌላ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሹፌር ከመንዲ መንገድ ላይ ሆኖ ለሩቅ መካኒክ ሁኔታውን በሦስት ቃል ሊያስረዳ ይችላል። የክፍሎቹ ስም የውሰት መሆኑ አላገደውም፤ የረዳው ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ግስ መኖሩ ነው።

እንግሊዝኛው ለዚሁ ነገር «ቡት» የሚለውን ቃል ይጠቀማል። ይህም የተገኘው ከቦት ጫማ ማንጠልጠያ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ሰው በጫማው ማንጠልጠያ ራሱን ወደ ላይ ሊያነሣ አይችልም ለማለት የተነገረ አባባል ነበር። ኮምፒውተር ከተሠራ በኋላ አባባሉ ቦታ አገኘ፤ ምክንያቱም ማሽኑ ፕሮግራም ለመጫን አስቀድሞ የሚጭን ፕሮግራም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 ይፋ የሆነው አይ.ቢ.ኤም. 701 ለዚሁ የሚሆን የመጫኛ ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ ሲጫን ማሽኑ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ያነብባል፤ የተነበበውም የሚቀጥለውን ያስነብባል።

«ቡት ማድረግ» የሚለው የውሰት አነጋገር በአማርኛ ከዚህ ምስል አንዱንም አላመጣም። የሚደንቀው ግን ምስሉ አስቀድሞ በራሱ በአማርኛው ግስ ውስጥ መኖሩ ነው። በግእዝ «ነሥአ» ያዘ፣ ወሰደ፣ አነሣ ማለት ሲሆን፣ «ተንሥአ» ደግሞ በ«ተ» መነሻነት ድርጊቱን ወደ ራሱ ይመልሳል፤ ራሱን አነሣ፣ ቆመ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ተነሣ» ስንል እንግሊዝኛው በጫማ ማንጠልጠያ የሚለውን አማርኛው በአንድ የግስ ዘር ይለዋል ማለት ነው። ለ«ቡት» ስያሜ ፍለጋ መሄድ አያሻም። ሥራው ከዚህ ግስ የደረጃዎቹን ስሞች ማርባት ነው።

3. ፍሬ፣ እንብርት፣ አስኳል

«ከርነል» በእንግሊዝኛ በጥንት ትርጉሙ ትንሽ የእህል ቅንጣት ነው። በኮምፒውተር ትርጉሙ ግን ማሽኑ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ማስታወሻው የሚገባውና ዲስኩን፣ ማስታወሻውን፣ ሌሎቹንም ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው የሥርዓተ ክወናው ማእከል ነው። ይህ ስያሜ በአንድ ጊዜ አልጸናም። የዴንማርኩ ተወላጅ ፐር ብሪንክ ሃንሰን አር.ሲ. 4000 ለተባለው ኮምፒውተር የሠራውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 በታተመ ጽሑፉ ሲገልጽ ማእከሉን የጠራው «ኒውክለስ» ብሎ ነበር። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በቤል ቤተ ሙከራ የተጠነሰሰው በ1969 ነው። በአገራችን የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. መታተሙን ስናስብ፣ የአማርኛ ቃላት በዚያ ስፋት ሲሰበሰቡ የእነዚህ ነገሮች ስም በባለቤቶቹም ቋንቋ ገና አልረጋም ነበር ለማለት እንችላለን።

ሊኑክስ የመጣው ከዚያ ሃያ ዓመት በኋላ ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረውን ሥራ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ከወደቀ በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። እትም 1.0 በመጋቢት 1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። በጥብቅ አነጋገር «ሊኑክስ» የሚባለው ከርነሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ከሌሎች ምንጮች፣ በተለይም በ1983 እ.ኤ.አ. ከታወጀው የግኑ ፕሮጀክት የተሰበሰበ ነው። ስለዚህ ከርነሉን አለመሰየም የነገሩን ባለቤት አለመሰየም ይሆናል።

በአማርኛ ሊታጩ የሚችሉት ቃላት ፍሬ፣ እንብርት፣ ዘርና አስኳል ናቸው። «ፍሬ» ብዙ ፍች ተሸክሟል፤ ውጤት ማለትም ነው። «እንብርት» የቦታን መካከል ያመለክታል እንጂ የሚያስተዳድር ነገርን አያሳይም። «ዘር» ለእንግሊዝኛው ሥረ ትርጉም ቢቀርብም፣ በዘመናችን ስለ ሰው ትውልድ በሚነገርበት ከባድ ትርጉም ምክንያት አይመችም። «አስኳል» በመሠረቱ የእንቁላል አስኳል ሲሆን፣ ለአቶምና ለሕዋስ ማእከል በሳይንስ ትምህርት ተለምዷል። የአሶሳ ተማሪ ከትምህርት ቤት ያውቀዋል። ብሪንክ ሃንሰን የመረጠውም ቃል ፍች ይኸው ነው። ስለዚህ «አስኳል» ከ«ከርነል» ጋር ጎን ለጎን እንዲነገር የሚደግፍ በቂ ምክንያት አለ።

ከዚህ የሚከብደው ከርነሉን በአዲስ እትም የመተካቱ ስም ነው። በጽሑፍና በስልኮች ገጽ ላይ ማዘመን፣ ማሻሻልና ማደስ የሚሉት ይታያሉ። «ማሻሻል» ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን አስቀድሞ ቃል ይገባል። «ማደስ» ደግሞ የታደሰው ነገር አሮጌው እንደ ቀረ ያስመስላል፤ ቤት ከታደሰ በኋላ አሮጌው ቤት የለም። በሊኑክስ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በደቢያንና በኡቡንቱ አዲሱ አስኳል ከቀድሞው ጎን ይቀመጣል፤ ፌዶራም በተለመደው አሠራሩ ሦስት አስኳሎችን ያቆያል። ይህም ብልህ ገበሬ አዲሱን የማሽላ ዘር ሲሞክር የቀድሞውን ከጎተራው እንደማያጠፋው ነው። ቃሉ «ታደሰ» ያለው ሰው አሮጌው አስኳል እዚያው እንዳለ አይጠረጥርም፤ ስለዚህም መፍትሔው ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ ወደ ፎርማት ይሄዳል። የስያሜ ስሕተት ወደ ሰነድ መጥፋት ሲያደርስ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

4. ፊደሉ ሲደርስ ቃሉ አልደረሰም

የአማርኛና የኮምፒውተር ታሪክ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የፊደል ታሪክ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ይህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ ያገኘው ዩኒኮድ እትም 3.0 በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲያካትት ነው። ለሊኑክስም ቀንን፣ ቁጥርንና ገንዘብን በአማርኛ ልማድ የሚያሳየው የአካባቢ ሰነድ በግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ተዘጋጅቶ ገብቷል፤ በዚህ ዘርፍ የዳንኤል ያዕቆብ ድርሻ የታወቀ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የታደሉት ኤክስ ኦ የተባሉት ትናንሽ ኮምፒውተሮችም የሚሠሩት በፌዶራ ሊኑክስ ነበር።

እዚህ ላይ ለርእሳችን ዋና የሆነ ነገር አለ። የተተረጎመው የአማርኛ ገጽ የሚታየው ማሽኑ በደኅና ተነሥቶ ካበቃ በኋላ ነው። ሳይነሣ ከቀረ ትርጉሙ ሁሉ ባልተከፈተው ዲስክ ውስጥ ይቀራል፤ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የከርነሉ መልእክት እንግሊዝኛ ነው፤ ከርነሉ መልእክቱን የሚተረጉምበት አሠራር የለውም። ምክንያቱ ግን የፊደል እጥረት አይደለም። የሊኑክስ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ በአንድ ጊዜ እስከ 512 ቅርጾች ሊይዝ ይችላል፤ ደቢያን ለዚሁ ገጽ ከሚያቀርባቸው የፊደል ቅርጾች መካከልም «ጎሃ» እና «ጎሃ ክላሲክ» የተባሉ የኢትዮጵያ ፊደላት ይገኙበታል። ፊደሉ እስከዚያ ጥልቅ ቦታ ድረስ ደርሷል። የቀረው ቃሉ ነው።

የቃል ሥራ ለአገራችን ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ለአማርኛ ተብሎ የተቋቋመውና ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ጋር የጀመረው የስያሜ ሥራ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሆኖ ታትሟል። በአብዮቱ ዘመን የተለመዱት እንደ «ወዝ አደር» ያሉ ቃላት እንደሚያስተምሩን፣ ሕዝብ ከሚያውቃቸው ቃላት የተሠራ ስያሜ በአጭር ጊዜ ይሠርጻል። ለኮምፒውተር ብልሽቶችም መንገዱ ይኸው ይመስለናል።

5. የአነሣሡ ደረጃዎች

ስያሜ ለመስጠት ነገሩን ማወቅ ይቀድማል። የሊኑክስ ኮምፒውተር ሲነሣ አምስት ደረጃዎችን ያልፋል።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰሌዳው ላይ የታተመው ፕሮግራም (በቀድሞ ማሽኖች ባዮስ፣ በኋለኞቹ ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ.) ክፍሎቹን ፈትሾ ተራውን ለአስነሺው ይለቃል። አስነሺው በቀድሞ ዘመን ሊሎ የተባለው ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት በ1995 እ.ኤ.አ. በኤሪክ ቦሊን የተጀመረው ግራብ ነው። አስነሺው አስኳሉንና ከአስኳሉ ጋር የሚሄድ አንድ ጥቅል ወደ ማስታወሻ ይጭናል። ይህ ጥቅል በእንግሊዝኛ ኢኒትራምኤፍኤስ ይባላል፤ አሠራሩ ከ2.6 እትም፣ ማለትም ከ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የጸና ነው። በውስጡ ዲስኩን ለመክፈት የሚያስፈልጉ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉ። አስኳሉ ዋናው ዲስክ ዘንድ እስኪደርስ የሚኖረው በእነዚህ ነው። ከዚያ ዋናውን የፋይል ሥርዓት፣ ሥሩን፣ ይከፍታል፤ በመጨረሻም ቁጥር 1 የሆነውን የመጀመሪያ ፕሮግራም አስጀምሮ የቀረውን ሥራ ለእርሱ ያስረክባል።

አዲስ አስኳል ከተጨመረ በኋላ የሚደርሰው ብልሽት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው። ግራብ ራሱ ካልታየ ወይም በአጭር የትእዛዝ መስመር ላይ ከቆመ፣ አስኳሉ ገና አልተጠራም፤ ተጠያቂው አስነሺው ነው። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. በግራብ ላይ የተገኘ የደኅንነት ክፍተት እንዲደፈን ሬድ ሃት ያወጣው ማስተካከያ ብዙ የሬድ ሃትና የሴንት ኦ.ኤስ. ማሽኖችን እንዳይነሡ አድርጓል። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የዊንዶውስ ማስተካከያ ሊኑክስና ዊንዶውስ አብረው በሚኖሩባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ተመሳሳይ ችግር አስከትሏል። በሁለቱም ጊዜ አስኳሉ ንጹሕ ነበር፤ የተጠቃሚውም ሰነድ አልተነካም።

ግራብ ታይቶ አስኳሉ ከተጠራ በኋላ ሥሩን መክፈት አልቻልኩም የሚል መልእክት ወጥቶ ማሽኑ ቢቆም፣ እንግሊዝኛው «ፓኒክ» ይለዋል። ይህን የሚያነብብ ሰው ብዙ ጊዜ ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል። ዘወትር የሚገኘው ምክንያት ግን ጥቅሉ አለመሟላቱ ነው። አሮጌ አስኳሎች ተከማችተው «ቡት» የተባለው የዲስክ ክፍል ሲሞላ፣ ወይም ጥቅሉ በሚዘጋጅበት ደቂቃ መብራት ሲቋረጥ፣ አዲሱ አስኳል ጥቅሉ ጎድሎበት ይቀራል። ሌላው ሁኔታ ማሽኑ ሁሉን ደረጃ አልፎ ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን ነው። ይህ በተለይ የስክሪን ካርዱ ፕሮግራም ለአዲሱ እትም ሳይሰናዳ ሲቀር ይደርሳል። ያን ጊዜ ማሽኑ ተነሥቷል፤ ያልበራው ዐይኑ ነው።

የጥገናው ሥርዓት ከዚሁ ይወጣል። በመጀመሪያ በግራብ ዝርዝር ውስጥ ከቀድሞዎቹ አስኳሎች አንዱን መምረጥ ነው። ዝርዝሩ ካልታየ በቀድሞ ማሽኖች ሺፍት፣ በአዲሶቹ ኤስኬፕ የተባለውን ቁልፍ በመነሻው ላይ መጫን በብዙዎቹ ዘንድ ያወጣዋል። ማሽኑ በቀድሞው ከተነሣ የዲስክ ክፍሉ መሙላት አለመሙላቱ ይታያል፤ የማይፈለጉ አሮጌ አስኳሎች ይወገዳሉ፤ የአዲሱ ጥቅል እንደገና ይሰናዳል፤ የግራብም ዝርዝር ይታደሳል። በቀድሞውም ካልተነሣ ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ ላይ ማሽኑን አስነሥቶ፣ ከዚያ ወደ ዲስኩ ገብቶ ያንኑ መፈጸም ይቻላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠቃሚው ሰነድ አይደመሰስም።

6. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

መነሣት፤ ማስነሣት፦ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ካገኘበት ጊዜ አንሥቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ያለው ሒደት፤ «ቡት»። ከመኪና የተወረሰ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

አስነሺ፦ አስኳሉን ወደ ማስታወሻ የሚጭነው ፕሮግራም፤ «ቡት ሎደር»።

አስኳል፦ የሥርዓተ ክወናው ማእከል፤ «ከርነል»። የውሰቱ ቃል እንዳይከለከል።

አዲስ አስኳል መጨመር፦ አዲስ እትም ከቀድሞው ጎን ማስቀመጥ። ቀድሞው እስኪወገድ ድረስ መኖሩ እንዲታወቅ ከ«ማደስ»ና ከ«ማሻሻል» ይልቅ ይመረጥ።

ስንቅ፦ አስኳሉ ዋናው ዲስክ ዘንድ እስኪደርስ የሚጠቀምበት ጥቅል፤ «ኢኒትራምኤፍኤስ»። መንገደኛ ያለ ስንቅ ከመድረሻው እንደማይደርስ ሁሉ፣ ስንቁ የጎደለ አስኳልም ከሥሩ አይደርስም።

ሥር፦ ዋናው የፋይል ሥርዓት፤ «ሩት»።

ክው ማለት፦ አስኳሉ ሊቀጥል ሳይችል መልእክት ጽፎ መቆሙ፤ «ፓኒክ»። እንግሊዝኛው ቃል ግራ ተጋብቶ መራወጥን ያሳያል፤ ማሽኑ የሚያደርገው ግን ደንግጦ ባለበት መድረቅ ነው። አማርኛው «ክው ብሎ ቀረ» የሚለው ሁኔታውን በትክክል ይገልጸዋል።

በግፊ ማስነሣት፦ በራሱ ዲስክ ያልተነሣን ኮምፒውተር ከፍላሽ በሚመጣ ሥርዓት ማስነሣት። በግፊ የተነሣ መኪና ሞተሩ እንዳልሞተ ማንም ስለሚያውቅ፣ ስያሜው ራሱ ተስፋን ይናገራል።

በእነዚህ ቃላት ሦስቱ የብልሽት ዓይነቶች በስልክ ሊለዩ ይችላሉ። «አስነሺው አልታየም» ያለ ሰው ስለ መጀመሪያው ይናገራል፤ «ስንቁ ጎድሎ ክው አለ» ያለ ስለ ሁለተኛው፤ «ተነሥቷል፣ ዐይኑ ግን አልበራም» ያለ ስለ ሦስተኛው።

ስያሜዎቹ ሲመዘኑ ከግእዝ ሥር መገጣጠማቸው ወይም በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ማማራቸው በቂ መለኪያ ሊሆን አይችልም። እኛ የምናቀርበው መለኪያ የሚከተለው ነው። አፍ መፍቻው በርታ ወይም ጉሙዝ የሆነ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ያገኘ የአሶሳ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደ ቆመ ለሩቅ ባለሙያ በስልክ ሊያስረዳ ይችላልን? ባለሙያውስ የሰማውን ይዞ «ፎርማት ይደረግ» ከማለት ይቆጠባልን? መልሱ አዎን ከሆነ ስያሜው ሥራውን ሠርቷል። አይደለም ከሆነ ግን በየትኛውም ጉባኤ ቢጸድቅ ወደ ቃል አውጪው ጠረጴዛ መመለስ ይገባዋል። የአገራችን የጥገና ባለሙያዎች፣ በተለይም በየክልሉ ያሉት፣ በእጃቸው የሚሠሩትን በአፋቸው የሚጠሩበትን ቃል እንዲያካፍሉን በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን፤ የመኪናውን ቋንቋ ያበጁት ጋራዦች እንደ ነበሩ የኮምፒውተሩንም የሚያበጁት እነርሱ ናቸውና።